ባና የለበሱ ኮምፒውተሮች

እፀገነት አሥራ አራቱን ኮምፒውተሮች «የማያገለግሉ» ብላ መዝግባ መጋዘን ስታስገባ አልቅሺ አልቅሺ አላት። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ካለው መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል በተቀጠረች ሰሞን፣ አዲስ ሆነው ከካርቶን ያወጣቻቸው እሷ ናት። አቧራ እንዳይቀመጥባቸው፣ ብርድ እንዳይመታቸው ብላ አባቷ ከበግ ጠጉር የሠሩትን ወፍራም ባና እየቆረጠች ያለበሰቻቸውም እሷው ናት። ምን ያደርጋል! በአምስት ዓመት ውስጥ ተራ በተራ እየጋሉ ጠፉ።

አለቃዋ በኪሎ ለብረት ገዢ ይሸጡ አለ። የእሷ አንጀት ግን እንቢ አለ።

«መጀመሪያ ባለሙያ ይያቸው» ብላ ለመነች።

ባለሙያ ተብሎ የመጣው ሽመክት ነበር፤ መነኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ ሞባይልና ሬዲዮ የሚጠግነው፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋው ልጅ። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ሲከፍት እፀገነት አጠገቡ ቆማለች። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ውስጥ ወረንጦውን ሰዶ አንድ ነገር ያዘና ሳበ። ጥቁር የበግ ጠጉር እየተሳበ፣ እየተሳበ መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን ነበር የሚያለብሷቸው?»

«ባና» አለች።

«እየሠሩም?»

«ከፊታቸው ገለጥ አደርገዋለሁ እንጂ ከኋላቸው አላነሣውም ነበር። የመንዝን ብርድ ታውቀው የለ!»

ንግግሯን ሳትጨርስ ገባት። ያፈነቻቸው እሷ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አሁን ይስቅብኛል ብላ አንገቷን ደፋች።

ሽመክት አልሳቀም። ጠጉሩን በመዳፉ ይዞ ቀና ብሎ አያት።

«እነሱስ ብርድ ነው የሚወዱት» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ የሳሳላቸው ሰው ግን አይቼ አላውቅም።»

እፀገነት የወደደችው ያኔ ነው። በኋላ ብትጠየቅም ሌላ ቀን አልጠራችም።

እውነቱን ለአለቃዋ በዚያው ዕለት ነገረችው። ተቆጣ፤ ከዚያ ሳቁ አሸነፈውና ለጥገናው ሦስት ሳምንት ሰጣት። ከሰዓት ከሰዓት መጋዘን ውስጥ እሱ ይፈታል፣ እሷ ዕቃውን ቁጥር እየሰጠች ትለያለች። ከአንዱ ሜሞሪ፣ ከሌላው የኃይል ሳጥን እየተዋሱ ዘጠኙ ተነሡ። የቀሩት አምስቱ ለመለዋወጫ ሆኑ፤ መዳብና ቆርቆሯቸው ለየብቻ በጆንያ ገባ። የመሥሪያ ቤቱ መረጃ ከውስጣቸው ተጠርጎ ዘጠኙ ለዘመሮ ትምህርት ቤት ተሰጡ።

«ከእንግዲህ አንቱ ካልከኝ መጋዘኑን ቆልፌብህ ነው የምሄደው» አለችው አንድ ቀን።

«ቆልፊብኝ፤ ግን አንቺም ውስጥ ሁኚ» አላት። ከዚያ ሁለቱም አፍረው ወደየሥራቸው አቀረቀሩ።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ጋሽ መኳንንት ባና በመሥራት ስማቸው የታወቀ፣ ኩሩ ሰው ናቸው። የሁለቱ መዋደድ ወሬ ሲደርሳቸው «ልጄ የመንግሥት ንብረት በአደራ የተሰጣት ናት፤ ሰው የጣለውን ለሚለቅም ቆራሌ አልድርም!» አሉ።

እፀገነት የባናውን ነገር ልትነግራቸው ተነሣች። የከለከላት ሽመክት ነው።

«በእጃቸው ሥራ ሰው እንዲስቅባቸው አልፈልግም። ቃል ግቢልኝ» አላት። ገባችለት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሽመክት ሽማግሌዎች መጡ። የመሯቸው የዘመሮው ርእሰ መምህር ኃይለ ኢየሱስ ናቸው። እንደ ወጉ፣ እሺ እስኪባሉ አንቀመጥም ብለው በሩ ሥር ቆሙ። ጋሽ መኳንንት ፊታቸው አልፈታ አለ።

«ለመሆኑ እነዚያን ኮምፒውተሮች ማን አበላሻቸው? ሊለቅማቸው ሲል ራሱ ሳይሆን ይቀራል?»

ከመጋረጃው ጀርባ የነበረችው እፀገነት ይህን መቻል አቃታት። የወጉን ነገር ረስታ ወጣች። ሽመክት ያወጣውን፣ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያቆየችውን ጥቁር ጠጉር ፈትታ አባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አሸት አሸት አደረጉት። «የጥቁሯ በጌ ጠጉር ነዋ! ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

«ከኮምፒውተሮቹ ሆድ ነው የወጣው። በእርስዎ ባና አፍኜ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። እሱ ያዳናቸው ነው። እያወቀ ዝም ያለው፣ በእጅዎ ሥራ ሰው እንዳይስቅ ብሎ ነው። እኔንም ቃል አስገብቶኝ ነበር፤ ይኸው አፈረስኩት።»

የጋሽ መኳንንት ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ያለቀሱ መስሏቸው ተደናገጡ፤ እሳቸው ግን እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ ነበር።

«ስሜን ከገዛ ልጄ ይልቅ ጠበቀልኝ በሉኛ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ቀጥለውም ወደ በሩ ዞሩ። «ኧረ ቁጭ በሉ! ምን አቆማችሁ?»

የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ተጋቡ። ጋሽ መኳንንት ሁዳዴን ሙሉ የፈጀባቸውን ወፍራም ባና ሽመክት ትከሻ ላይ እየደረቡ «ለሰው ብቻ!» ብለው አስጠነቀቁት።

ዛሬ በሽመክት ሱቅ አሮጌ ኮምፒውተሮች ጀርባቸውን ለመንዝ ንፋስ ሰጥተው ይሠራሉ። እፀገነት ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትልና አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ባናውን ይገልጥላታል፣ ትገባለች።