የካራቫኑ ውሃ የት ፈሰሰ?

ይሄነው የሞተ ጊዜ በሆስፒታሉ ክፍል ከእናቱ በቀር ያላለቀሰ አልነበረም። እማማ ብርሀንነሽ የልጃቸውን አገጭ በነጠላቸው ጫፍ አሰሩ፣ ዐይኑን በእጃቸው ከደኑ፤ ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመችው ወደ ኢንስፔክተር የሻለም ዞሩ።

«ገዳዩ እጅሽ ላይ ነው፤ እንዳይሾልክሽ» አሏት።

ገዳይ ያሉት ጎረቤታቸውን አሕመድኑርን ነው። አሕመድኑር ሌላው ከዐረብ አገር ቴሌቪዥንና ምንጣፍ ሲያመጣ ካራቫን አስጎትቶ የመጣ ሰው ነው። ካራቫን ማለት አልጋውም፣ ምድጃውም፣ የውሃ ጋኑና ቧንቧውም በሆዱ ያለ፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። የመካነ ሰላም ከተማ ስቃበት ሳትጨርስ ከይሄነው ጋር ሸሪክ ሆኖ ቱሪስት ወደ ደንቆሮ ጫካ መውሰጃ አደረገው። ይሄነው አገሩን ያሳያል፣ ፈንታው የሚባል ሹፌር በፒካፑ ይጎትታል፣ ዕቃውንም ይጠብቃል። ዘንድሮ ሸሪኮቹ ተጣሉ። አሕመድኑር ወደ ኮምቦልቻ ልውሰደው ቢል፣ ይሄነው ገበያ መሀል ቆሞ «ሬሳዬን ተራምደህ ውሰደው» አለው። ሰው እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲያወጣ ማን እንደሚሰማው አያስብም።

በሽታው ሲጀምረው እንደ ሰካራም አንገዳገደው። የንስሐ አባቱ መጠጥ ከከለከሉት ወዲህ ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበርና ሰው ሳቀበት። ቀጥሎ አስመለሰው፣ ትንፋሹ ቆራረጠው፣ ሽንቱ ጠፋ። ሐኪሙ የሞተር ማቀዝቀዣ ነው አለ፤ ሹፌሮች ኩላንት የሚሉት፣ ጣፋጭ፣ ኩላሊት የሚገድል። ባዶ የኩላንት ዕቃ ደግሞ ካራቫኑ ሥር ተገኘ። ከተማው ፍርዱን ሰጥቶ ወደ ገበያው ሄደ።

የሻለም ግን የገበያ ዳኛ አይደለችም። ስትሄድ መሬት መሬቱን የምታይ፣ ብር የጠፋባት የምትመስል አጭር ሴት ናት። እውነቱ ቶሎ ካልወጣ የይሄነው ዘመዶች የአሕመድኑርን ግቢ እንደሚያቃጥሉት ታውቃለች። የአሕመድኑር ሚስት ሀያትም አውቃው ልጆቿን ወረኢሉ ወደ እናቷ ሰዳለች።

መጀመሪያ እማማን ጠየቀች፤ ልጅዎ ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ ከማን እጅ? ጥያቄው አሮጊቷን አስቆጣቸው።

«ከቤቴ የገባበት ነገር የለም። እኔ የጋገርኩትን በላ፣ እኔ የበጠበጥኩትን ብርዝ ጠጣ። መጠጥ ከተወ ወዲህ ከብርዝ ሌላ አያምረውም። ማሩንም ውሃውንም ለሰው እጅ አልሰጥም። ይልቅ ያ ሸሪኩ ያጠጣውን ሻይ ጠይቂ።»

«ከብርዙ ሌላስ ሰው ጠጥቷል?»

«የልጄን ብርዝ ማን ደፍሮ?»

ከዚያ ወደ እስር ቤት ሄደች። አሕመድኑር ጺሙ አድጎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሻዩን አልካደም፤ ከካራቫኑ ቧንቧ ቀድቶ አፍልቶታል፣ ራሱም አብሮት ጠጥቷል።

«ታዲያ ኩላንት ካራቫኑ ጋ ምን ይሠራል?»

«ውርጭ ነዋ፣ እህቴ። በቧንቧው የቀረ ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖ ይረጋና ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። አምና ፈንታው ረስቶ ሰነጠቀብኝ። ስለዚህ ኅዳር ላይ ውሃውን አስወጥቶ የማይረጋ ፈሳሽ ቧንቧው ውስጥ ማሳደር ነው። እኔ የገዛሁት ሮዙን ነው፣ ሰው ቢቀምሰው የማይጎዳውን። አረንጓዴው የመኪና ነው፤ እዚህ እንዳታስገባው ብዬ ፈንታውን አስምዬዋለሁ። ውርጩ ሲያልፍ ደግሞ ንጹህ ውሃ ሞልቶ፣ ቧንቧውን ሁሉ ከፍቶ፣ ቀለምና አረፋው እስኪጠፋ ማፍሰስ ነው። የሞላውም ያጠበውም ፈንታው ነው፤ እኔ ደሴ ነበርኩ።»

ልትወጣ ስትል ቀና አለ።

«ወላሂ ወንድሜ ነበር። ለቅሶውን እንኳ አላደረሳችሁኝም።»

ፈንታው ካራቫኑ ደጃፍ ተቀበላት። ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው፤ ስለ ደጎሎ መንገድ ጉድጓድ ሲቀልድ፣ ስለ ሟቹ ሲተክዝ፣ መልሶ ሲቀልድ ቆየ። ቧንቧውን ከፈተና በኩባያ ቀድቶ ፊቷ ጨለጠው።

«ይኸውና። እኔ ካልሞትኩ አንቺም አትሞችም።»

«ያጠብክበት ውሃስ የት ሄደ?»

«እዚሁ ደፋሁት፣ ከመውረጃው ሥር። በቦቴ ያስመጣሁትን ሁሉ።»

የሻለም ቁጢጥ አለች። የካቲት ነው፤ የከተማው ቧንቧ ከደረቀ ቆይቷል፣ ሴቱ ሁሉ ለውሃ ወንዝ ይወርዳል። ውሃ የጠጣ አፈር ሲደርቅ እንደ ቂጣ ይቆረፍዳል፣ ይሰነጠቃል። ከመውረጃው ሥር ያለው ግን እንደ ዱቄት የላላ አቧራ ነው፤ ዶሮዎች ተንከባለውበታል። ፈንታው ስልክ ሊያነሳ ፈንጠር ሲል ወደ ውስጥ ገባችና ሰው የማይደርስበትን ቧንቧ ፈለገች። በዚያ ብርድ ገላውን የሚታጠብ የለም፤ የገላ መታጠቢያው ጥግ የሸረሪት ድር ይዟል። ያጠበ ሰውም ይረሳዋል። ከፈተችው። አንድ ሁለት ጊዜ አነጠሰና አረንጓዴ ነገር ተፋ፤ የመጣው ሮዝ አልነበረም። በሀይላንድ ጠርሙስ ተቀብላ ከነጠላዋ ሥር ደበቀችው።

የቀረችው ሀያት ናት። ሀያት ከባሏ ጠላቶች አንዷ የመጣች መስሏት በሩን በግማሽ ነበር የከፈተችው። ካራቫኑ የታጠበበት ውሃ ሲፈስ አይታ እንደነበር ስትጠየቅ ደነገጠች።

«ፈሰሰ? ማን አባቱ ነው በዚህ ድርቅ ውሃ የሚያፈስ? ኢስራፍ፣ ብክነት አይደለም እንዴ? ጀሪካን ጀሪካናችንን ይዘን ሄድን፣ ቀዳን። እኔም ቀድቻለሁ፣ ልጆቼም ጠጥተዋል፤ ምን ሆንን? ክርስቲያኑም እስላሙም ቀድቷል።»

«ፈንታው ምን አለ?»

«ምንም። ቆሞ ያይ ነበር።»

የሻለም ቀጥላ የጠየቀችውን ባትጠይቅ ምንኛ በወደደች። ግን ጠየቀች።

«ማን ቀደመ?»

«እማማ ብርሀንነሽ ነዋ። እሳቸው ቆመው ማን ይቅደም? ሁላችንም ይቅደሙ አልናቸው።»

ፖሊሷ አጥሩን ይዛ ጥቂት ቆመች። በሕይወቷ ብዙ ገዳይ ይዛለች፤ ልቀቂኝ ብሎ የሚለምን፣ የሚሳደብ፣ የሚሮጥ። ይኼን ግን በምን ትይዘዋለች? ብትናገር አንዲት እናት ቆማ ትሞታለች። ዝም ብትል ንጹሕ ሰው ታስሮ ይቀራል፣ ግቢው ይነዳል። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው እንዲህ ያለ ቀን አልገጠመውም።

በማግስቱ ሁሉንም ለቅሶው ድንኳን ሰበሰበች። አሕመድኑርን በካቴና አመጣችው። የይሄነው ዘመዶች በትራቸውን ታቅፈው ተቀመጡ፣ ሀያት ከሴቶቹ ጥግ ቆመች፣ ፈንታውም መጣ። እማማን ሴቶቹ ጓዳ እንዲያቆዩአቸው ለምና ነበር፤ እሳቸው ግን መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«የልጄ ገዳይ ሲነገር እኔ ጓዳ ልወሸቅ?»

የሻለም ጀመረች። ሻዩን ሁለቱም ጠጥተዋል፣ የሞተው አንዱ ነው፤ ስለዚህ መርዙ ከሻዩ አይደለም። ከቧንቧውም አይደለም፤ ፈንታው ራሱ ፊቴ ጠጥቷል፣ ቧንቧው ታጥቧል። ግን ሲታጠብ የወጣው ውሃ መሬት አልነካም፤ አፈሩ ይመሰክራል። በውስጡ የነበረውም ሮዙ አይደለም። ጠርሙሱን አወጣች። አረንጓዴው በድንኳኑ ብርሃን እንደ ቅጠል ታየ።

«ፈንታው፣ ይህን ማን አስገባው?»

ያ ምላስ ቀልዱን ተወ። ፈንታው ጠርሙሱን እያየ ተናገረ። የሮዙ ዕቃ መንገድ ላይ ተሰንጥቆ ፈሶበታል። ውርጩ ደግሞ ሊወርድ ነው። አምና ቧንቧ አስሰንጥቋል፣ ዘንድሮም ቢደግመው ከሥራ ይባረራል። በእጁ የነበረውን አረንጓዴ የመኪና ኩላንት ጨመረ፤ ባዶውንም ዕቃ ካራቫኑ ሥር ወርውሮ ረሳው። ታጥቦ ይሄዳል ብሎ ነው።

«ሴቶቹ ሲመጡ አትቅዱ ለምን አላልክም?»

«ለምን ቢሉኝስ?»

ከዘመዶቹ አንዱ ብድግ ሲል ሌሎቹ ጎትተው አስቀመጡት። የሻለም ቶሎ ብላ ፈንታው በሕግ ይጠየቃል፣ አሕመድኑር ነጻ ነው፣ ነገሩ ይኸው ነው አለች። እዚያ ላይ ልትዘጋው ፈልጋ ነበር። እማማ ብርሀንነሽ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ውሃውን ብዙ ሰው ቀድቷል። የኔ ልጅ ብቻ ለምን ሞተ?»

የሻለም ጠርሙሱን ከነጠላዋ ሥር መለሰችው።

«አንቺን ነው።»

«ኋላ የወጣው ቀጥኗል፣ እማማ። መርዙ የጠናው መጀመሪያ የወጣው ላይ ነው።»

«ያ አረንጓዴ ነገር ይታይ የለም?»

«በቢጫ ጀሪካን አይታይም።»

«ቢቀምሱትስ?»

የሻለም አንገቷን ደፋች። «በማር ከተበጠበጠ ጣዕሙ አይለይም።»

የአሮጊቷ ዐይን ሴቶቹ ላይ ሲሄድ እያንዳንዷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ይቅደሙ ያሏቸው እነሱ ናቸውና።

«የቧንቧ ውሃ ነው፣ ከወንዙ ይሻላል ብዬ ለሱ ብቻ አስቀመጥኩት» አሉ ረጋ ብለው። «ታመምኩ ሲለኝም አፉ ደርቆ ነበርና እሱኑ ጨመርኩለት።»

«አላወቁም፣ እማማ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ፈንታውን ሕግ ይጠይቀዋል ብለሻል። እኔንስ?»

«አንቱን ሕግ አይጠይቅም።»

«ታዲያ ማን ይጠይቀኝ?»

የሻለም የታሰረን መፍታት፣ ያልታሰረን ማሰር ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈ ያስተማራት የለም። ጎንበስ ብላ የአሕመድኑርን ካቴና ከፈተች። እሱም የእጁን ሰንበር እያሻሸ ወደ እማማ ብርሀንነሽ ሄደ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠ፤ ለቅሶ ደራሽ የሚለውን ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ አልመጣለትም። ሌላውም ለቀስተኛ እግዜር ያጥናዎት ለማለት አፈረ፣ ተነሥቶ ለመሄድም ፈራ፤ ሁሉም በየተቀመጠበት መሬት መሬቱን ሲያይ ዋለ።