ያልጸናው ትእዛዝ

ሰው ፊቱ የተቀመጠ ወንድሙን እንዴት ማየት ያቅተዋል?

ስንት ዓመት ጠየቅሁ። ሐኪም ጠየቅሁ፣ ቄስ ጠየቅሁ። መልስ የለም።

እናንተ የምታነቡ ልጆቼ፣ አሮጊት ዘባረቀች ብትሉ አልቀየማችሁም። ግን ሆኗል። በገዛ ቤቴ፣ ዓይኔ እያየ ሆኗል። ጥር 1982 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ።

ሁለት የልጅ ልጆች ነበሩኝ። እናታቸው ስትሞት እኔ ጋ ቀሩ። አኮ ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። ታላቂቱ ዳሲቱ ኮምፒውተር ተምራ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። ታናሹ ኦላና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አፉ አያርፍም። ሲበላም ያወራል፣ ተኝቶም ያወራል።

ያን ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ ይለቀም ነበር። የኦላና ስም ወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ቀበሌ ቅረብ ተባለ።

እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ። የጎረቤቴ የአማረች ልጅ ሄዶ ደብዳቤ እንኳ አልመጣም...

ረቡዕ ዳሲቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“አኮ፣ ስሙ ያለው እኛ ማሽን ውስጥ ነው።”

“እና?”

“ላጠፋው እችላለሁ።”

“ዝም በይ! ሰው ይሰማሻል!”

በሹክሹክታ አስረዳችኝ። ሲ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው ፕሮግራም አለ። እሷ ከጠረጴዛዋ ትእዛዝ ትልካለች። መዝገቡ ያለበት ትልቁ ማሽን ሌላ ክፍል ሆኖ ይቀበላታል። ከዚያ ስንት ስም እንደነካ በቁጥር ይመልስላታል።

“አንድ ካለኝ፣ አንድ ሰው ወጣ ማለት ነው።”

“በቃ?”

“አይበቃም። መጀመሪያ ጠፍቶ የሚታየው ለእኔ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ እንዳለ ነው። ‘አጽና’ ብዬ ሁለተኛ ትእዛዝ ስሰጥ ነው ለሁሉም የሚጠፋው።”

ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። ይኼ ግን አልገባኝም። ኋላ ነው የገባኝ...

ሐሙስ ከሥራ ተመለሰች። ኦላና በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል።

ገባች።

ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አስቀመጠችው።

ባዶ ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጡ... ዞር ብላ እንኳ ሳታየው።

“እኔ መደርደሪያ ነኝ እንዴ?” ብሎ ሳቀ። “አኮ፣ ይቺ ልጅ ተሾመች መሰለኝ፤ ሰላምታ ቀረ!”

ዳሲቱ ነጠላዋን አጠፈች።

“አኮ፣ ምነው ቤቱ ጭር አለ?”

ጭር አለ? ልጁ እየሳቀ እኮ ነው!

መቼም ቀልድ ነው አልኩ። ማካሮኒውን አወጣች። ሁለት ሳህን... ለእኔና ለራሷ።

“የወንድምሽስ?”

“የማን?”

ኦላና ተነሥቶ ፊቷ ቆመ። እጁን ዓይኗ ሥር አወዛወዘ። ቅንድቧ አልተነቃነቀም።

“ዳሲ... ዳሲዬ፣ ተይ። አታስፈራሪኝ።”

ብርድ እንደነካው ሰው ትከሻዋን ሰበሰበች። ሄዳ መስኮቱን ዘጋች።

እጇን ይዤ ጓዳ አስገባኋት።

“ዛሬ ምን ሠራሽ?”

“አንድ ትእዛዝ ላክሁ። ማሽኑ አንድ አለኝ። ወዲያው ኃላፊዬ ገባ፤ ደንግጬ ስክሪኑን አጥፍቼ ወጣሁ። ፕሮግራሙ ግን አልተዘጋም። እስካሁን ይጠብቀኛል።”

“የማንን ስም ነው ያጠፋሽው?”

ግንባሯን አሸች። “እሱን ነው የማላስታውሰው... አኮ፣ ነገ ስገባ ምን ላድርግ? ላጽናው ወይስ ልመልሰው?”

ከመጋረጃው ሥር የኦላና ጫማ ይታየኛል። ቆሞ ይሰማል።

ያኔ ገባኝ፤ ስሙ ሲጠፋ ልጁም ከእሷ ዓይን ጠፍቷል። አጽኚው ብላት ከጦርነት ይተርፋል። ግን እኔም እንደ እሷ አላየውም። ድምፁን አልሰማም። መልሺው ብላት ይወስዱታል።

“ቅዳሜ ጠዋት አጽኚው” አልኳት። “ነገ አትንኪው። አንድ ቀን ቆዪ።”

አንድ ቀን ልየው ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዓርብ ዳሲቱ ከሥራ ስትመለስ ኦላና አጠገቧ ቁጭ አለ። ጋዜጣ ታነባለች።

“ዳሲ፣ መስታወትሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ድመቷን በከንቱ ነው የገረፍሻት።”

ገጹን ገለጠች።

ጠበቀ... ጠበቀ... ከዚያ በኋላ አፉን አልከፈተም። ያ ለፍላፊ ልጅ!

በሩ ተንኳኳ።

ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ናቸው። አንዱ፣ ተሰማ የሚባለው፣ የሰፈራችን ልጅ ነው። እጁ ላይ ዝርዝር ይዟል።

“እማማ አደሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀኑ ተለውጧል።”

“ቅዳሜ ብላችሁ የለም ወይ!”

“ትእዛዝ ነው እማማ። መኪናው ቆሟል።”

ወረቀቱን አየሁት። ኦላና... ከነአባቱ ስም ተጽፏል። ለእነሱ አልጠፋም። አልጸናማ! እኔ ነኝ ያስቆየሁት።

ዳሲቱ ብድግ አለች።

“ማንን ፈልጋችሁ ነው? እዚህ ያለነው ሁለት ሴቶች ነን።”

ተሰማ እሷን አየ። ኦላናን አየ።

“አንቺስ ድፍረትሽ! ዓይኔ ሥር ተቀምጦ?”

ኦላና ተነሣ። የጃኬቱን ጫፍ ጨብጬ ያዝኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ግንባሬን ሳመኝ። መሀላቸው ገብቶ ወጣ።

ዳሲቱ ደፍ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች።

“አኮ...” አለች በቀስታ። “እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?”

“ምን አየሽ?”

“ሁለት ናቸው... ግን መሀላቸው የሰው ቦታ ትተው ነው የሚሄዱት።”

“ዳሲቱ፣ ግቢ።”

አልሰማችኝም። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ እጇ ግን አልጠረገውም።

ጫማዋን አውልቃ ነበር። በባዶ እግሯ ደፉን ተሻገረች፤ እጇን ወደዚያ ባዶ ቦታ ዘርግታ... ተከተለችው።