በአባዬ ቀለም የተጻፈ ስም

አንድ ሰው በእኛ ቤት ቤተሰብ መሆኑ የሚታወቀው ሽንት ቤት ገብቶ ስሙን ግድግዳው ላይ ሲያገኘው ነው። ቀልዴን አይደለም። ከመቀመጫው ፊት ለፊት የልደት መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ሰኞ ማክሰኞ የለበትም፣ ወርና ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዓመት ቢያልፍ አይጣልም። በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ በዚያ ቀን የተወለደው ሰው ስም ይጻፋል። እዚያ ቁጭ ያለ ሰው ሌላ የሚያነበው ስለሌለው የማንም ልደት አይረሳም።

በእኛ ቤት የሚጽፈው አባዬ ብቻ ነበር፤ እሱም በቀለም። እርሳስ አያስጠጋም። «የገባ አይወጣም» ይላል። የሞቱት እንኳ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። መግባቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ጎረቤታችን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብቃ ነው የገባችው።

እኔ ትራይንቼ እባላለሁ። ይህ የሆነው በ1957 ነው፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አባዬ ሲብራንድ የፓምፕ ቤቱ ኃላፊ ነበር። የእኛ ሰሜን ሆላንድ መሬቱ ከባሕር በታች ነው፤ ፓምፑ ሳምንት ቢቆም ላሞቻችን ዋና ይማሩ ነበር። አባዬ ሠላሳ ዓመት በእንፋሎት ሞተር ውሃውን ሲያወጣ ከኖረ በኋላ፣ በዚያ ዓመት ሞተሩ በኤሌክትሪክ ይቀየር ተባለ። ሊቀይረው የመጣው መካኒክ ሴርቫስ ይባላል። ከደቡብ ጫፍ ከሊምቡርግ የመጣ፣ ቁመቱ ረጅም፣ ጆሮዎቹ ትልልቅ የሆኑ ልጅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አባዬ ቡና ይጠጣ ብሎ ወደ ቤት ይዞት መጣ። እማዬ ቀዳችለት፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈተችለት፣ አንድ ሲያነሣ መልሳ ከደነችው። ወጋችን ነው፤ ለአንድ ሲኒ አንድ ብስኩት።

ሴርቫስ ክዳኑን አየ፤ ከዚያ እማዬን አየ።

«እትዬ፣ ብስኩቱን ብርድ እንዳይመታው ነው?»

እማዬን በዕድሜዋ እንዲህ ያላት ሰው የለም። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ቡናው በአፍንጫዬ ወጣ። በዚያ መሃል ሴርቫስ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። እማዬ ቆርቆሮውን ከፍታ ወደ እሱ ገፋችው።

ከዚያ ወዲህ የአባዬን ምሳ ወደ ፓምፕ ቤቱ ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። ከዚያ በፊት ታናሽ እህቴ ነበረች የምትወስደው፤ ለመንኳት ከማለት ነጠቅኳት ማለት ይቀላል።

አንድ ቀን፣ ሜይ 13 ነበር፣ ሴርቫስን በቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ጉልበቱ ላይ እናቱ የላከችለት ትልቅ የፕሪም ኬክ አለ። ትልቁን ቁራሽ ቆርጦ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ምንም። ቀኑ ያምራል ብዬ ነው።»

«ዝናብ እየዘነበ እኮ ነው!»

«ቢሆንም» አለ።

ኬኬን በላሁ፣ ጣቴን ላስሁ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ሄድኩ።

ያ በጋ እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ በግድቡ ላይ ጎን ለጎን ብስክሌት እንነዳለን። ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣብን እሱ እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ይገፋኛል። ኦገስት ላይ፣ ብስክሌቶቻችንን ሣሩ ላይ ጥለን፣ «አግቢኝ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። የከበደው ለአባዬ መንገሩ ነበር።

«ሥራው ጥሩ ነው» አለ አባዬ። «እጁም ጥሩ ነው። ግን ካቶሊክ ነው።»

እኛ ፕሮቴስታንት ነን፤ ያን ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የእኛ ዳቦ ጋጋሪ ሌላ፣ የእነሱ ሌላ፤ ትምህርት ቤቱ፣ ኳስ ቡድኑ፣ የፍየል አርቢዎች ማኅበሩ ሳይቀር ለየብቻ ነው። አክስቴ ኹርቼ ሹራቧን እየሠራች የሽማግሌዎቻችንን ተረት አመጣችብኝ፤ «ሁለት ሃይማኖት አንድ ትራስ ላይ ከተኛ፣ መሃል ላይ ሰይጣን ይተኛል።»

«ታዲያ ጠባብ ትራስ እንገዛለን» አልኳት።

አባዬ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። «ልደትሽ ላይ ይምጣ» አለ። «ከዘመዶቻችን ጋር ይቀመጥ። ያን ቀን እነግርሻለሁ። ደግሞ እንዳትጠሪው። የሚወድ ሰው ሳይጠሩት ይመጣል።»

ይህም ወጋችን ነው፤ ለልደት የሚጠራ ሰው የለም፣ ቀኑን የሚያውቅ ይመጣል። ሴርቫስ ደግሞ ያውቀዋል፤ ኦክቶበር 2 መሆኑን በጁን ነግሬዋለሁ። ስለዚህ አልፈራሁም።

ኦክቶበር 2 ደረሰ። ወንበሮቹን ግድግዳውን አስጠግተን በክብ ደረደርን። የመጣ ሁሉ እኔን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን በሙሉ እየዞረ ይጨብጣል፤ «ሲብራንድ፣ እንኳን ለልጅህ አደረሰህ! ኔልቼ፣ እንኳን ለልጅሽ አደረሰሽ!» አሥራ ሰባት ሰው መጣ። ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ባዶዋን ቀረች። በመስኮቱ በኩል የፓምፕ ቤቱ መብራት ይታያል፤ ሰውዬው ከእኛ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ቁጭ ብሎ ብሎን ያጠብቃል።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን አባዬ፣ «ያችን ወንበር አንሡ» አለ። እነግርሻለሁ ያለኝ መልስ ይኸው ነበር።

በማግስቱ ሴርቫስ ምንም እንዳልተፈጠረ እየሳቀ መጣ። ፊቴን አዞርኩበት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ካላወቅከው እኔ ልነግርህ አልችልም።»

እኛ ሰሜኖች የሆዳችንን ፊት ለፊት በመናገር ነው የምንታወቀው። እኔ ግን በዚያ አንድ ጉዳይ አፌን ዘጋሁ፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ ዘጋሁ። ምሳውን እህቴ ማድረስ ጀመረች። ሥራው ሊያልቅ፣ ሴርቫስም ወደ አገሩ ሊመለስ ተቃረበ። ማታ ማታ ብስክሌቴን አውጥቼ መልሼ እከተው ነበር። ናፍቆኝ ነበር፤ ምን ይደበቃል።

በኖቬምበር 25 ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሴርቫስ ነው። የእሑድ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፣ ጸጉሩን በውሃ አጣብቋል። በአንድ እጁ አበባ፣ በሌላው መሶብ የሚያህል ካርቶን ይዟል። አልተቀመጠም። እየዞረ አባዬን፣ እማዬን፣ አክስቴን፣ እህቴን ጨበጠ፤ «እንኳን አደረሳችሁ! እንኳን ለትራይንቼ አደረሳችሁ!»

እማዬና አባዬ ተያዩ።

«የእኔ ልጅ» አለ አባዬ ቀስ ብሎ፣ «ልደቷ ኦክቶበር 2 ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታውቃለህ?!»

«ነግራኛለች። ግን ልደት እኮ... ልደትማ ላምም አላት።»

ከአክስቴ እጅ ሹራቡ ወደቀ። ሴርቫስ ግራ ገብቶት አንድ በአንድ አየን።

«በእኛ አገር የሰው ቀኑ የስሙ ቀን ነው» አለ። «ትራይንቼ ማለት ካታሪና አይደለች? የቅድስት ካታሪና ቀን ዛሬ ነው። ከበጋ ጀምሬ ስጠብቀው ነበር። እናቴ ኬኩን ሌሊት ጋግራ በባቡር ላከችው። ተቀይመሽኝ እንደሆነም፣ በቀንሽ አትመልሺኝም ብዬ ነው የመጣሁት።»

«በልደቷስ ቀን» አለች እማዬ፣ «ያን ሁሉ ብስክሌት ደጃችን ላይ አላየህም?»

«አይቻለሁ እትዬ። ማንም ስላልሳቀ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ መስሎኝ ነበር።»

እህቴ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

«ሴርቫስ፣ ያንተ ቀን መቼ ነው?»

«አልፏል።»

«መቼ?»

«ሜይ 13።»

ቦዩ ዳር፣ ዝናቡ፣ ኬኩ፣ ያ አስተያየቱ ሁሉ መጣብኝ።

«እንኳን አደረሰህ እንድልህ ነበር የጠበቅከው?»

«አዎ።»

«እኔ ጣቴን ልሼ ሄድኩ!»

«ሁለቱንም እጅሽን» አለ ፈገግ ብሎ። «ሦስት ቀን ተቀየምኩሽ። ከዚያ ስለ ቅዱሳን የምታውቂው ነገር እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። እናንተም ልደትን ይህን ያህል ከቁም ነገር የምትቆጥሩት መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ወደ አባዬ ዞርኩ።

«አባዬ፣ እሱ አንድ ወንበር ባዶ አስቀረብን። እኔ ግን ኬኩን በልቼ፣ ቀኑን ሳላውቅለት ነው ጥዬው የሄድኩት። እሱ ሦስት ቀን ተቀይሞ ተወኝ፤ እኔ ሰባት ሳምንት ያዝኩበት። ከሁለታችን ማን ይብሳል? እኔ እወደዋለሁ። አንተ ብትፈቅድም ባትፈቅድም እወደዋለሁ፤ ብትፈቅድልኝ ግን ደስ ይለኛል።»

አባዬ ሲኒውን አስቀመጠ።

«በዚህ ቤት ቅዱስ የሚባል ነገር የለም» አለ። ከዚያ ሴርቫስን፣ «ልደትህ መቼ ነው? የላሚቱን ሳይሆን ያንተን።»

«ጃንዋሪ 30።»

አባዬ ተነሥቶ ሽንት ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ቆየ። እማዬ ያለ ምንም ልክ ኬኩን እየቆራረጠች በየሳህኑ ታስቀምጣለች። የውሃ ድምፅ አልተሰማም። አባዬ ወጥቶ ብዕሩን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካ፣ ተቀመጠ፣ ኬኩን መብላት ጀመረ።

እየሮጥኩ ገባሁ። ጃንዋሪ 30 ላይ «ሴርቫስ» ይላል። በጣቴ ነካሁት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ያንን ጣቴን እስከ ማታ አልታጠብኩትም።

ስወጣ እያለቀስኩ ነበር። ሴርቫስ ደንግጦ ብድግ አለ። «ምነው? ሽንት ቤት ውስጥ ምን ነካት?»

«ምንም አልሆነችም» አለችው እማዬ። «አንተ የእኛ ሆነህ ነው። በል ብላ፣ ክዳን የለውም።»

አባዬ ሴርቫስን በአዲሱ ፓምፕ ላይ ረዳቱ አድርጎ አስቀረው። በተከታዩ በጋ በማዘጋጃ ቤት ተጋባን። ቄሳቸውም ፓስተራችንም ቀሩ፤ ጎረቤታችንና አክስቴ ኹርቼ ግን መጡ። የአክስቴ ስጦታ በጣም ጠባብ ትራስ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር አንድ ጠዋት፣ ወላጆቼን ልጠይቅ ብሄድ አባዬ በሥራ ቀን ጢሙን ተላጭቶ፣ የእሑድ ሸሚዙን ለብሶ፣ መስኮቱ ዳር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ዓይኑ ከባቡር ጣቢያው በሚመጣው መንገድ ላይ ነው።

«አባዬ፣ ማንን ትጠብቃለህ?»

«ዘገየሳ» አለ።

«ማን?»

ዞሮም አላየኝ። «ገብተሽ አንብቢ።»

ገባሁ። ኖቬምበር 25 ላይ ዓይኔ አረፈ። ቅዱስ የለም፣ ካታሪና የለችም። በአባዬ እጅ፣ በቀለም፣ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ «ኬክ»። መልሼ ሜይን ገለጥኩ፤ 13 ላይም «ኬክ»። ቀለሙ ከሴርቫስ ስም ጋር አንድ ነው። ያን ቀን እኔ ያየሁት ጃንዋሪን ብቻ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ አግብቼ እስክወጣ፣ በገባሁ ቁጥር የምገልጠው የሴርቫስን ስም ብቻ ነበር።

ስወጣ አባዬ ከመስኮቱ ተነሥቶ በሩን ከፍቷል። ሴርቫስ ካርቶኑን ብስክሌቱ ላይ አስሮ በግድቡ በኩል እየመጣ ነበር።