በልክ የተሠራ ጀልባ

አናጢውና የዋና አስተማሪዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተስማሙም። እሷ የመጣችው ካያክ፣ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ የሚቀዝፈው ጠባብ ጀልባ፣ ልታሠራ ነው፤ ለጉዞ ሳይሆን ማዕበል ላይ ለመጫወቻ። አጭር፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ አፍንጫው ቀና ያለ።

«ይኼማ ጀልባ አይደለም፣ ጫማ ነው» አላት።

«እንግዲያው እንደ ጫማ በልኬ ሥራልኝ።»

የዳሌዋን ስፋት ሲለካ ሜትሩን በጣቶቹ ጫፍ ያዘው። ሳቀችበት። ቀና ብሎ አላያትም።

በማግስቱ እናቷ መጣች።

«አንተ ልጅ፣ ለልጄ የሬሳ ሣጥን ነው እንዴ የምትሠራላት? ሲገለበጥ በየት በኩል ልትወጣ ነው?»

እናትየው ስትሄድ መቀመጫውን ከግራም ከቀኝም አሰፋው።

ጀልባው ባሕር የገባ ዕለት የመጀመሪያው ማዕበል ገለበጠው። የዋና አስተማሪዋ እንደ ልማዷ በዳሌዋ ልታቃናው ሞከረች፤ ግን መቀመጫው ስለሰፋ ተንሸራታ ውኃው ውስጥ ወደቀች። ጀልባውን አሸዋ ላይ እየጎተተች፣ ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ አናጢው ዘንድ ደረሰች።

«በልኬ ነበር ያልኩህ።»

«በቀላሉ እንድትወጪ ብዬ ነው።»

«ማን መውጣት ፈለገ? እዚያው ሆኜ መቃናት ነው የምፈልገው። በዳሌዬ ካልያዝኩት እንዴት ይታዘዘኛል?» አቀርቅሮ መቀመጫውን መለካት ሲጀምር፣ «እናቴ ናት አይደል ያስፈራራችህ?» አለችው።

«እናትሽን ተያት። የፈራሁት እኔ ነኝ።»

ተያዩ። ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ነች።

«ከፈራህ ፍራ። ፍርሃትህን ግን እኔ ጀልባ ውስጥ አትክተተው።»

ጀልባው ውስጥ አስቀምጧት በዳሌዋ ግራና ቀኝ ስፖንጅ እየቆረጠ በኮላ ለጠፈ።

«ጠበቀ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

ዳሌዋን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። «አሁን ይዞኛል» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

እንደገና ወደ ባሕሩ ወረዱ። እናቷ አናጢውን ላለማየት ፊቷን አዙራ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማዕበሉ መጣ፤ ጀልባው ተገለበጠ። እናትየው ብድግ አለች። የሚታየው የጀልባው ሆድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ጀልባው ዞረ። የዋና አስተማሪዋ እየሳለች ብቅ ስትል አናጢውን ከነልብሱ ውኃ ውስጥ ቆሞ አገኘችው። ውኃው ደረቱ ደርሷል።

«ዋና ሳትችል ማን ግባ አለህ? ጤና የለህም?»

«የለኝም።»

«በል ያዝ።»

የጀልባውን አፍንጫ ያዘ።

«እሱን አይደለም» አለችና እጇን ዘረጋችለት።

«በአንዷ ስጨነቅ ይኸው ሁለት ሆኑብኝ» አለች እናቷ ከዳር፣ እንደተቆጣች፤ ለሁለቱም ፎጣ ፍለጋ እየሄደች።