ስም ያልተጻፈበት ማስታወቂያ

ቅዳሜ ነው፤ ስምንት ሰዓት አልፎ ዘጠኝ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ወንዙ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ከሐሚዳ በቀር ማንም አልመጣም። ዋቅጅራ እንኳ ቀርቷል።

ሐሚዳ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ አቶ ሰዒድ ላፍቶ ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። በሱቁ ሬዲዮ የሱዳኑን፣ የኮንጎውንና የሕንዱን ዘፈን እየሰማች አድጋ፣ አጎቷ በሰጣት አርሞኒካ ያገኘችውን ዜማ ሁሉ ትለቅማለች። የክፍል ጓደኛዋ ዋቅጅራ ደግሞ የፉሪ ገበሬ ልጅ ነው፤ ዋሽንት ያውቅበታል። የሁለቱ ሐሳብ የየአገሩን ዜማ ቀላቅሎ የሚጫወት ቡድን ማቋቋም ነበር። የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ እንዳይገቡ፣ እዚያ ከሰልፍ መዝሙር ሌላ አይታወቅም። ከበሮ መቺና ዘፋኝ ከየት ይምጣ?

ስለዚህ ማስታወቂያ አወጡ። ጽሕፈቱ የሚያምረው ዋቅጅራ ስለሆነ እሷ ነገረችው፣ እሱ ጻፈ። «ቡድን ልንመሠርት ነው፤ አባል ሁኑ። የዓለምን ሙዚቃ እንጫወታለን» ይላል፤ ቀኑና ቦታውም አለበት። ስማችንን እንጻፍ ሲላት ግን ሐሚዳ ተወው አለችው። ልጅህ አዝማሪ ልትሆን ነው መባሉን አባቷ ቢሰሙ ቤቱ እንደሚናወጥ ታውቃለች። ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን በዱቄት ሙጫ ስልክ እንጨት ላይ ለጠፉት።

በዚያ በደርግ ዘመን ስም የሌለው ወረቀት እንጨት ላይ መለጠፍ ምን እንደሚያመጣ የላፍቶ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እነሱም ያውቁ ነበር፤ ደስ ብሏቸው ረሱት እንጂ። አላፊ አግዳሚው «ቡድን» እና «አባል» የሚለውን ሲያይ የድብቅ ድርጅት ጥሪ መስሎት አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሙዚቃ እስከሚለው ድረስ ያነበበ አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓደኛቸው ገዲሴ እያለከለከች መጣች። ዋቅጅራን ቀበሌ ወስደውታል። መሠረተ ትምህርት ሲሰጥ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር የጻፈው እሱ ስለነበር፣ የቀበሌው ጸሐፊ ጽሕፈቱን ባዩ ጊዜ ወዲያው ለይተውታል።

«ስለ እኔስ ምን አለ?»

«ብቻዬን ነኝ ብሏል። አንቺም አርፈሽ ተቀመጪ።»

ሐሚዳ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ወዲያው በራሷ አፈረች፣ እስከ ቤቷም እንዳፈረች ሄደች።

ወሬው ቀድሟት ደርሷል። አባቷ ጨው እየመዘኑ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቋት።

«አንቺ የለሽበትም፣ አይደል?»

አቶ ሰዒድ ሚዛኑን አስቀመጡ።

«የጎረቤታችንን የሸጊቱን ልጅ ታስታውሻለሽ» አሉ። «ለአንድ ጥያቄ ነው ብለው ነበር የጠሩት።»

ታስታውሳለች። ልጁ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ከተመለሰም ወዲህ ከሰው ጋር አያወራም። ሐሚዳ ፈራች። ቢሆንም ጓዳ ገብታ ከአልጋው ሥር አርሞኒካዋን አወጣች። አባቷ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት።

«ሹራብሽን ልበሺ፤ ሊያቆዩሽ ይችላሉ» አሉና የሱቁን መስኮት መዝጋት ጀመሩ።

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ዋቅጅራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በጸሐፊው በጓድ ለታ ፊት ለፊት ወረቀቱ ተዘርግቷል፤ ሙጫው ደርቆ ጠርዙ ተጨማዷል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ስንት ናችሁ?»

«እኔ ብቻ።»

ሐሚዳ አባቷን በረንዳው ላይ ትታ ገባችና አርሞኒካውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች።

«ሁለት ነን» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጭን ነበር። «ሙዚቃ ነው የምንጫወተው።»

ዋቅጅራ ቀና ብሎ አያትና ምን ቆርጦሽ መጣሽ በሚል ዓይን ገላመጣት። ጓድ ለታ አርሞኒካውን አገላብጠው በቀዳዳዎቹ አጮለቁ። ከዚያ አዲስ ወረቀት ስበው ብዕራቸውን አነሱና ስሟን ጠየቋት።

ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ድረስ ነገረቻቸው።