የደብሪቱ የእህል ጉድጓድ

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም መልሱት።

ሌሊት የሚፈራ ሰው አለ እዚህ? አይዟችሁ። የዛሬው ወሬዬ የሌሊት አይደለም፤ የቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ የምትቆምበት፣ ከብቱ ዛፍ ሥር የሚተኛበት፣ ሰው ሁሉ ቤቱ የሚገባበት ሰዓት። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ማን ይቀራል? ማንም አይቀርም። የቀረ እንደሆነ ግን ብቻውን አይደለም።

የመንደሩን ስም አትጠይቁኝ። ድሮ ነው። ከመንደሩ ወደ ወንዝ የሚወርድ አንድ ቀጭን መንገድ ነበር። ግራውም ቁልቋል፣ ቀኙም ቁልቋል። ቤት የለበትም።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ ቀን በቀትር ፈንቴ የሚባል ሽማግሌ ሞቶ ተገኘ። እንዴት ሆኖ ሞተ? አንገቱ ወደ ኋላ ዞሯል። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተሰብረዋል። አፉ እስከ ጉሮሮው ድረስ በአፈር ተጠቅጥቋል። ሰዎች ጅብ ነው አሉ። ጅብ አፈር ያጎርሳል እንዴ?

በስምንተኛው ቀን ቢሻው የሚባል ሌላ ሰው ተገኘ። እሱም በቀትር፣ እሱም እዚያው መንገድ ላይ፣ እሱም አፈር ጎርሶ። መንጋጋው ተገንጥሎ ነበር።

ሦስተኛው አድማሱ ነው። አድማሱ ፈራ። በሩን ዘግቶ አሥር ቀን ተቀመጠ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በቀትር፣ በቅሎው ከመንገዱ በኩል ስትጮህ ሰማና ጦሩን ይዞ ወጣ። ጦሩን በራሱ ሆድ ውስጥ ተሰክቶ አገኙት። በቅሎዋ በረት ውስጥ እንደታሰረች ነበር። አፉስ? አፉም አፈር ነበር።

ይኼኔ የአገሩ ገዥ መርማሪ ላከ። ባሻ አንዳርጌ ይባላል። ቀኝ እግሩን ጥይት መትቶት ያነክሳል። ሰው ሲመረምር አይመታም፣ አይጮህም። ዝም ብሎ ያያል። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ደግሞ ከሚመታው ይብሳል።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ዘገየ በግ አርዶ ተቀበለው።

«ባሻ፣ ብዙም አይድከሙ» አለው። «ገዳይዋ ተይዛለች።»

«ማን ናት?»

«ስንዱ የምትባል እብድ ናት። እነዚህን ሦስት ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትረግም ኖራለች። ቃልዎን ይስጡንና ነገ ትሰቀል።»

«መጀመሪያ ልያት» አለ ባሻ።

ስንዱ በጠፍር ከግንድ ጋር ታስራ ነበር። ፊቷ አብጧል። ሁለት ጥርሷ ረግፏል። ባሻ እጆቿን አየ። እንደ ጭራሮ ቀጭን ናቸው። ይህ እጅ የወንድ አንገት ይጠመዝዛል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

«ሰዎቹን ማን ገደላቸው?» አላት።

«እህቴ ናት፣ ጌታዬ።»

«እህትሽ የት ናት?»

«እኔስ ሠላሳ ዓመት የጠየቅሁት ይህንኑ አይደለም? ደብሪቱ ትባላለች። ከአባታችን የወረሰችውን መሬት አልለቅም አለች። አንድ ቀን ጠፋች። ወደ ቆላ ወርዳለች አሉኝ። አራት ሆነው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እጃቸውን አንስተው ማሉ።»

«አራት? እነማን ናቸው?»

ስንዱ ደም ተፋች። «ሦስቱ ሞቱ። አራተኛው በግ አርዶልዎታል» አለች።

ባሻ ተነሣ። የአድማሱ ሬሳ መርማሪ እስኪያየው ተብሎ ገና አልተቀበረም ነበርና ወደዚያ ሄደ። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፈር አወጣ። መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃን ያዘው። አፈሩ ቀይ ነው። የመንደሩ አፈር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው።

መቃብር የሚቆፍሩትን ሰዎች ጠራ። «ቀይ አፈር የት ይገኛል?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ከመንገዱ በላይ፣ የደብሪቱ መሬት ላይ» አለ አንዱ።

«አሁን ማን ያርሰዋል?»

«ጭቃ ሹም ነዋ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባሻ ጠመንጃውን አንግቶ ዶማ ይዞ ወጣ። አብሮኝ የሚሄድ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ማን ይነሳል? አንድም ሰው አልተነሳም። ብቻውን ሄደ።

ቁልቋሉ መካከል እንደገባ ከኋላው ኮቴ ሰማ። የእሱ እርምጃ ያነክሳል። ያ ኮቴ አያነክስም። ባሻ ሲቆም ይቆማል፤ ሲሄድ ይሄዳል። ዞሮ አየ። ማንም የለም። አንገቱን ደፍቶ መሬቱን አየ። የራሱ ጥላ ፊቱ ተዘርግቷል። ከጥላው አጠገብ ሌላ ጥላ አለ። ቀሚስ የለበሰ ጥላ።

ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር፣ አይደል? ባሻም ሰው ነው፤ ፊቱን ወደ መንደሩ አዞረ። ነገር ግን በጠፍር የታሰረችውን ሴት አስታወሰ። እሱ ከተመለሰ ትሰቀላለች። ስለዚህ ሄደ። ጥላውም አብሮት ሄደ።

ቀዩ መሬት ላይ ደረሰ። መሬቱ ታርሷል። መካከሉ ላይ ግን ማረሻ ያልነካው አንዲት ቦታ አለች። ጠመንጃውን መሬት ላይ አኖረና መቆፈር ጀመረ። ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ቆፈረ። ዶማው ድንጋይ መታ። ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ የእህል ጉድጓድ ክዳን። እየቃተተ ገፍቶ ከፈተው።

ምን አየ? አጥንት አየ። አጥንቱ አልተኛም። ቆሟል። እስከ አንገቱ አፈር ውስጥ ቆሟል። የራስ ቅሉ ወደ ላይ ቀና ብሏል። አፉ በአፈር ተጠቅጥቋል።

በዚያ ቅጽበት የምሳር ደንደስ የባሻ ቀኝ ጉልበት ላይ አረፈ። ጉልበቱ ተሰበረ። ባሻ ጮሆ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ፤ ከአጥንቱ ጋር ፊት ለፊት። ቀና ሲል ጭቃ ሹም ዘገየ ከላይ ቆሟል።

«አንተ አንካሳ!» አለው። «አትድከም አላልኩህም?»

«በሕይወት እያለች ነው የቀበራችኋት?» አለ ባሻ።

«መሬቱን ልቀቂ አልናት፤ እምቢ አለች። ልናስፈራራት ነበር። እስከ አንገቷ ቀብረን ክዳኑን ዘጋንባት። ሦስት ቀን ጮኸች። ልናወጣትም ፈራን፤ ብትወጣ ትናገራለች። በሦስተኛው ቀን ከፍተን አፏን በአፈር ደፈንነው። ዝም አለች።»

ይህን ብሎ አፈሩን ወደ ጉድጓዱ ይገፋ ጀመር። አፈሩ የባሻን ወገብ ሸፈነ። ደረቱን ሸፈነ። ፀሐይም አናት ላይ ቆመች።

ቀትር ላይ የሰው ጥላ የት ይገባል? እግሩ ሥር ይገባል። የዘገየ ጥላ እግሩ ሥር ገባ። ቀሚስ የለበሰው ጥላ ግን አልገባም። ከመሬቱ ተላቀቀ። ተነሣ። ቆመ።

መጀመሪያ እጅ ሆነ። ቀጥሎ ፀጉር ሆነ፤ ቀይ አፈር የሞላበት ፀጉር። በመጨረሻ ፊት ሆነ። ዓይን የለውም።

ዘገየ ምሳሩን ሰነዘረ። ምሳሩ በአየር ላይ አለፈ። እሷ እጁን ያዘች። ጣቶቹን ትሰብር ጀመር። አንድ። ሁለት። ሦስት። ባሻ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አሥሩንም ሲሰበሩ ሰማ። ዘገየ ማሪኝ ሊል አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ እሷም አፏን ከፈተች። ከአፏ አፈር ወረደ። ወደ አፉ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። ጉሮሮው አበጠ። ዓይኖቹ ደም ሞሉ። መንጋጋው ቋ ብሎ ተገነጠለ። ከዚያ አንገቱን ጠመዘዘችና ጣለችው።

ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለች። ባሻ ዓይኑን ጨፈነ።

«ለእህቴ ንገራት» አለችው። ሌላ ምንም አላለችም።

ባሻ አፈሩን በጥፍሩ እየጫረ ወጣ። የራስ ቅሉን በጋቢው ጠቅልሎ፣ የተሰበረ እግሩን እየጎተተ፣ መንደር ሲደርስ መሽቶ ነበር። የስንዱን ጠፍር በራሱ ቢላዋ በጠሰው። ስንዱ የራስ ቅሉን ጭኗ ላይ አኖረች። አፉ ውስጥ ያለውን አፈር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ጠረገች።

«ይኸው አገኘሁሽ» አለች። አላለቀሰችም።

በማግስቱ ባሻ መንደርተኛውን ሁሉ ለአውጫጭኝ ሰበሰበ። ታውቃላችሁ፣ ገዳይ ሲጠፋ አገር ምድሩ ተሰብስቦ እየማለ የሚናገርበት ጉባኤ ነው። ቃሬዛ ላይ እንደተኛ እንዲህ አለ፦

«ይህች ሴት ሦስት ቀን ጮኻለች። መንገዱ ከጉድጓዱ ሠላሳ እርምጃ ነው። ማን ሰማ?»

አንዱ ከአንዱ ጀርባ ተሸሸገ።

«ውኃ ስትቀዱ፣ ከብት ስታጠጡ የምታልፉት በዚያ ነው። ማን ሰማ?»

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «እኔ ሰምቻለሁ» አሉ። «ብቻዬን ነበርኩ። ነፋስ ነው አልኩና አለፍኩ።» ከዚያ አንዲት አሮጊት ተነሡ። ከዚያ ሌላ። ሰባት ሰው ተነሣ። ሰምተው ያልተነሡት መሬት መሬት አዩ።

ደብሪቱ በፍትሐት ተቀበረች። መሬቷ ለስንዱ ተመለሰ። ባሻም አበቃ ብሎ ወደ ገዥው ተጓዘ። ቀሪ ዘመኑን በምርኩዝ ነው የሄደው።

አበቃ እንዴ? አላበቃም። በሳምንቱ፣ በቀትር፣ መንገዱ ላይ አንድ ሰው ተገኘ። ጆሮዎቹ ከሥራቸው ተነቅለዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ። ከዚያ ሌላ። ተነሥተው ከተናገሩት ሰባት ሰዎች አንዱም አልተነካም። መሬት መሬት ያዩት ግን አንድ በአንድ አለቁ።

እንግዲህ ብቻችሁን አትሂዱ። ጋኔን ይይዛችኋል ብዬ አይደለም። ሰው ብቻውን ሲሆን የሰማውን አልሰማሁም ይላል። ሁለት ከሆነ አንዱ አንዱን ያፍራል።

ቆዩ እስቲ። ዝም በሉ።

ሰማችሁ? ከወንዙ በኩል ነው። ሴት ናት።

ምን መሬት መሬት ታያላችሁ? ተነሡ እንጂ! በሩን ማን ይከፍታል?