ያልተገለበጠው ዓሣ

የ«ጨረቃ በር» ምግብ ቤት ባለቤት ሚስተር ፋንግ፣ ፎቅ ላይ ባለችው ትንሽ ክፍል ግንባራቸውን ሩዙ ላይ ደፍተው ሞተው ተገኙ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። ታች ያለው ደንበኛ ምን ገዶት! የቫንኩቨር ቻይናታውን ነው፤ እሑድ ቀን ሰው ቢሞትም ወረፋው አይቀንስም።

መርዙ ከሻይ በራዱ ተገኘ። ሻዩን ያቀረቡት ደግሞ አስተናጋጇ እትዬ ፑን ናቸው። ፖሊሶቹ ጊዜ አላጠፉም፤ ካቴናውን አጠለቁላቸው።

መርማሪ ሎክ ስትገባ ከሬሳው በፊት ዓሣውን አየች። የላይኛው ጎኑ ተበልቷል። አከርካሪው ሳይሰበር ከነጭራው ተነስቶ ሳህኑ ዳር ተጋድሟል። ከሥር ያለው ሥጋም ተነካክቷል።

«ብቻቸውን ነው የበሉት?»

«ብቻቸውን! አንድ ስኒ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን» አሉ እትዬ ፑን እያለቀሱ። «እኔ ሻዩን አስቀምጬ ወደ ደንበኞቼ ወረድኩ። ሠላሳ ዓመት ቀድቼላቸው ዛሬ ልገድላቸው?»

«ዓሣ እንዴት ነበር የሚበሉት?»

«እንደ ቂጣ ይገለብጡታል! ተራራ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። ‹ኧረ ዓሣ ሳህን ላይ ሲገለበጥ ባሕር ላይ የሰው ጀልባ ይገለበጣል› ስንላቸው ‹የእኔ ጀልባ ወንበሬ ነው› ይላሉ።»

ሎክ ክፍሉ ጥግ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተች። ከተደረደሩት ሳህኖች አንዱ እርጥብ ነው።

ወጥ ቤት ወረደች። አብሳዩ ማክ ክንዱን እየፎከተ ጠበቃት። «ዓሣ አበስላለሁ እንጂ አልቀምስም። ይኸው ሽታው እንኳ ያሳክከኛል!»

ዓሣ አቅራቢው ሌይም ተጠርቶ መጥቷል፤ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው፤ ጀልባ ላይ ተወልዶ ያደገ። ዓይኑን ከመስኮቱ አይነቅልም። ውጭ ነፋሱ የሱቆቹን ታፔላ ያንገጫግጫል።

«በጓሮ ደረጃ ዓሣውን አስረክቤ ሄድኩ። ፎቅ አልወጣሁም።»

«በመስኮቱ ማንን ይጠብቃሉ?»

«ልጄን፤ ባሕር ላይ ነው» አለ ሌይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሎክ ሌላ ዓሣ አዘዘችና ሁሉንም ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበች። ማንም ምግብ አልነካም። እሷ ግን የላይኛውን ጎን በላች። ከዚያ ቾፕስቲኳን ከዓሣው ሥር ሰደደች።

«ተይ! አትገልብጪው!» የሌይ እጅ እጇን ለቀም አደረገ።

«አየሽ» አለች ሎክ ለራሷ፤ ከዚያ ቀና አለች። «ሚስተር ፋንግ ዓሣ ይገለብጣሉ። የጠዋቱ ግን አልተገለበጠም፤ አጥንቱ ነው የተነሳው። ስለዚህ ዓሣ መገልበጥ የሚፈራ ሁለተኛ ሰው አብሯቸው በልቷል። ሻዩን ሳይቀምስ፣ ሳህኑን አጥቦ መለሰ። እትዬ ፑን ደንበኛ መሃል ነበሩ። ማክ ዓሣ አይበላም። ጋሽ ሌይ፣ የፈሰሰ መርዝ ይደበቃል፤ የእጅ ልማድ ግን አይደበቅም።»

ሌይ እጇን ለቀቀ። «ልጄ የተከለከለ የባሕር ቀንድ አውጣ እንደሚያወጣ ፋንግ ደርሶበት ነበር። ሰኞ ላሳስረው ነው አለኝ። ለመንኩት። ጠዋትም አብሬው እየበላሁ ለመንኩት። ሳቀብኝ።»

ካቴናው ከእትዬ ፑን እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ዞረ። በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱን መለሰ። «ዓሣውን... አትገልብጡት።»

ነፋሱ መስኮቱን መታ።

እትዬ ፑን የቀላ አንጓቸውን እያሹ ጠረጴዛው ጋ መጡ። ቾፕስቲክ አነሱና አከርካሪውን ቀስ አድርገው ከራስ እስከ ጭራ አንስተው ሳህኑ ዳር አስተኙት።

«ልጁ ምን አደረገ?» አሉ፤ ወደ መስኮቱም አላዩ።